የአቦ መታጠፊያው ሳጥን

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

የመጨረሻውን ሳጥን ዛሬ ሰቀልን። ከጎፋ እስከ መካኒሳ አቦ ያሉትን የመንገድ መብራት ፖሎች አንድ በአንድ አዳርሰናል። አዳርሰናል ስል፣ ክሬኑ ላይ ወጥቶ የሚሰቅለው ማናዬ ነው። እኔ ከሥር ቆሜ ላፕቶፑን በጃንጥላ እሸፍናለሁ፣ "ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ግራ" እያልኩ እጮሃለሁ። አምስት ዓመት ኢንጂነሪንግ የተማርኩት ለዚህ ነው።

ሳጥኑ የሚያስፈራ ነገር የለውም። ካሜራ የለው፣ ጆሮ የለው። በሥሩ የሚያልፈውን መኪና በራዳር ይቆጥራል፣ ፍጥነቱን ይለካል፣ ውጤቱን ወደ ቢሮ ይልካል። ፖሉ ኤሌክትሪክ አለው፣ ከፍታ አለው፣ መንገድ ዳር ቆሟል። ትራፊኩ የት የት እንደሚጨናነቅ ለማወቅ ሰው ዝናብ ላይ አቁሞ ከማስቆጠር ይሻላል።

የአቦ መታጠፊያው ግን ሊያሳብደኝ ነበር። ፌርማታው እዚያው ፖል ሥር ስለሆነ ክሬኑን የምናቆምበት አጣን። ሉቃስ የሚባል ተራ አስከባሪ አለ፣ ድምፁ ጎፋ የሚሰማ። "እህቴ፣ ጌታ ይባርክሽ፣ ሰው እየጫንን ነው፣ ሌላ ቀን ኑ" ይለኛል። ዝናቡ ጀመረ። ጫማዬ ውኃ አስገባ። "ለመሆኑ ምንድነው እሱ?" ብሎ ሲጠይቀኝ ትዕግሥቴ አለቀ።

"ካሜራ ነው" አልኩት። "መንገድ ዘግቶ የሚጭነውን ታርጋውን አንብቦ ቅጣቱን በስልኩ ይልክለታል። አሁን በርቷል፤ በል ፈገግ በል።"

ቀና ብሎ አየው። ከዚያ ምን ብሎ እንደጮኸ አላውቅም፣ ታክሲዎቹ ብትን አሉ። ማናዬ የክሬኑ ቅርጫት ውስጥ ሆኖ በሳቅ ሊወድቅ ነበር። እኔም ሳቅኩ። ሥራውን ወዲያው ጨረስነው።

ሰኔ 13፣ ዓርብ

ቁጥሩ እየመጣ ነው! ካርታው ላይ እያንዳንዱ ፖል ነጥብ ሆኖ ይታያል፤ ሲጨናነቅ ቀይ፣ ሲለቅ አረንጓዴ። ጋሽ ክብረት፣ የፕሮጀክታችን ኃላፊ፣ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አድርገው አዩት።

ሙከራው ከተሳካ ወደ ሌሎች መንገዶች ይስፋፋል፣ እኔም ቋሚ እሆናለሁ። ካልተሳካ ኮንትራቴ በነሐሴ መጨረሻ ያልቃል፣ በቃ። ቋሚ ከሆንኩ መጀመሪያ የማደርገው አክስቴን፣ እቴቴን፣ ከምትሠራበት የልብስ እጥበት ቤት ማስወጣት ነው። ለማንም አልነገርኩም፣ ለእሷም።

ስልኬን ስንት ጊዜ እንደምከፍት ባይቆጠር ይሻላል።

ሰኔ 19፣ ሐሙስ

ከሥራ ስመለስ ታክሲያችን ከአቦ አለፍ ብሎ ተገትሮ ቀረ። ቱቦ ሊቀብሩ ቆፍረው ትተውት የሄዱበት ቦታ ነው፤ እዚያ ያሉት መብራቶች ከፋሲካ ወዲህ አይበሩም። ፊታችን ታክሲ፣ ኋላችን ታክሲ። ካርታችንን ከፍቼ አየሁ፦ አቦ መታጠፊያ አረንጓዴ። ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ አንገቱን አስግጎ ስልኬን አየና "የት አገር ነው?" አለኝ።

ሳጥኑ እዚህ ድረስ አያይም። ዝናብ ስለሆነ ነው መሰለኝ ታክሲዎቹ እዚህ የተጠጋጉት።

ሰኔ 25፣ ረቡዕ

እቴቴ ዛሬ አምሽታ ገባች፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ። እቴቴ የእናቴ እህት ናት፣ አምሳለ፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። አንድ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላና ጋውን ታጥባለች። ጠዋት ሳይነጋ ትወጣለች፣ ማታ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ትመለሳለች።

"ታክሲዎቹ ምን ነክቷቸዋል?" አለች ጫማዋን እያወለቀች። "እኛ መብራት ሥር ቆመን እንጠብቃለን፣ እነሱ ጨለማው ውስጥ ሆነው ይጠሩናል። ሲያወርዱም እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ።"

"ዝናቡ ይሆናላ።"

"ዝናብ መብራት ይጠላል እንዴ?"

ሻይ ላፍላልሽ ብዬ ተነሳሁ። ማፍላቱንም ረሳሁት።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

የአቦ ወርኃዊ በዓል። መንገዱ ነጠላ በለበሰ ሰው ተሞልቷል። ታክሲ ውስጥ የሰማሁትን ልጻፍ፣ ካልጻፍኩት ያለምኩት መስሎኝ ይቀራል።

ወደ መታጠፊያው ስንቃረብ ሾፌሩ ረዳቱን "በሩን ዝጋ፣ ፖሉ ደርሷል!" አለው። አንዱ ተሳፋሪ "ታርጋ ያነባል አሉ" አለ። ከኋላ አንዲት እናት፣ "ማንበብ ብቻ መሰለህ? ይሰማል እንጂ። ባለፈው ከሰው ጋር የተጨቃጨቀውን ረዳት በማግስቱ ጠርተውታል።" ታክሲው በሙሉ ጸጥ አለ። ፖሉን እስክናልፍ አንድም ሰው አልተነፈሰም። የእኔ መውረጃ እዚያው ነበር፤ "ወራጅ አለ" ማለት አቅቶኝ ጉድጓዱ ጋ ወረድኩ።

የገዛ እጄ ሥራ ሥር ድምፄን አጥፍቼ አለፍኩ! ሰው ወሬ ይወዳል። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፣ ማንም ሊሆን ይችላል።

ቤት ገብቼ ቁም ሣጥኑን እንደ አዲስ አደራጀሁ። እቴቴ "እንግዳ አለብን?" አለችኝ።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ጋሽ ክብረት የአቦ መታጠፊያን ግራፍ አትመው ግድግዳቸው ላይ ለጥፈውታል። የመኪናው ፍጥነት በእጥፍ ጨምሯል። "ውዳሴ፣ ይሄ የምሥራች ነው" አሉኝ። "በነሐሴ ለአለቆች የምናቀርበው ይሄንን ነው። አቅራቢዋ ደግሞ አንቺ ነሽ።"

"ምክንያቱን ብናጣራ አይሻልም?" አልኩ።

"መጀመሪያ እስቲ ደስ ይበልሽ!"

ደስ ብሎኛል። ግራፉን ደግሜ ሳላይ ወጣሁ እንጂ ደስ ብሎኛል።

ሐምሌ 17

እቴቴ ወድቃለች። የቱቦው ጉድጓድ ውስጥ። ቀኝ እጇ። ራጅ እየጠበቅን ነው።

ሐምሌ 18፣ ዓርብ

አንጓዋ ላይ ተሰብሯል። ጀሶ አድርገውላታል። አሁን ተኝታለች፣ እኔ ከወዲያ ወዲህ እላለሁ።

እንዲህ ነው የሆነው። ታክሲው ጨለማው ውስጥ ቆመ። ረዳቱ "ቶሎ በሉ፣ ቶሎ!" ይላል። ጃንጥላዋን ልትዘረጋ አንድ እርምጃ ራቅ ስትል መሬቱ አልነበረም። ደረቷ ድረስ ውኃ ውስጥ ነበረች ብለውኛል ያወጧት ሰዎች። ደረቷ ድረስ! መዋኘት አይደለም ገንዳ ውስጥ መግባት የምትፈራ ሴት።

"ጫማዬ ነው" ትላለች። "ሶሉ አልቋል፣ ቀይሪ ስትዪኝ እንቢ ብዬ። በራሴ ነው።"

ራሷን ስትወቅስ ዝም ብዬ አዳመጥኳት።

ከሰዓት ማናዬ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቃት መጣ። አጫወታት፣ አሳቃት። ስሸኘው በር ላይ ቆመና "ያን ቀን ለሉቃስ ያልሽው ነገር…" አለ።

"ዝም በል፣ ትሰማለች።"

"እኔም ከመሳቅ ቀልድ ነው ብዬ ልነግረው ይገባ ነበር ብዬ አስቤ አላውቅም። አሁን እያሰብኩ ነው" አለኝ። የምን የሱ ሳቅ! እሱ ምን አጠፋ? ሂድልኝ አልኩት፣ ብርቱካኑን ላመጣ ሰው።

ሐምሌ 23፣ ረቡዕ

ሉቃስ ጋ ሄድኩ። ጉድጓዱ ዳር ቆሞ ሰው ያሳፍራል፤ እሱም ከነድምፁ ወደ ጨለማው ተዛውሯል። ዞር አድርጌ ነገርኩት። ካሜራ አይደለም፣ አይቀጣም፣ ተናድጄ የቀለድኩት ነው፣ ወደ መብራቱ ተመለሱ አልኩት።

አየኝ፣ አንጸባራቂ ሰደርያዬን አየ፣ ከዚያ ሳቀ።

"ኢንጂነር፣ እንዲህ በዪ ብለውሽ ነው።"

"ማንም አላለኝም!"

"እንመለስና በአንድ ቀን ሁላችንንም ልታስለቅሙን ነው። ሾፌሩ ሁሉ እኮ ያመሰግነኛል፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ሰው አልተቀጣም።"

"ያልተቀጣው የሚቀጣ ነገር ስለሌለ ነው!"

"አየሽ፣ ስለሸሸን ነው።"

ክርክሩ ከኔ ይሻላል። አክስቴ እዚህ ወድቃለች አልኩት። ፊቱ ተለወጠ። "እማማ ያንቺ ናቸው እንዴ? እኔ እኮ ነኝ ከነእንትና ጋር ሆኜ ያወጣኋቸው" አለ። እጄን ያዘኝ። ግን ራሱን ነቀነቀ፦ "ሳጥኑ ሲወርድ በዓይኔ ካየሁ አምንሻለሁ። በወሬ አላምንም።"

በወሬ አያምንም!

ነሐሴ 1፣ ሐሙስ

ጾም ገባ። እቴቴ ጀሶዋን በነጠላ ሸፍና ልታስቀድስ ሄደች፣ በእግሯ። ሥራ ከቀረች ወዲህ ቤቱ ውስጥ እንደ እንግዳ ትቀመጣለች። ትናንት "አለቃዬ ቦታሽን ይዤልሻለሁ ብላኛለች" አለችኝ፣ ያልጠየቅኳትን።

እኔ ለአለቆች የማቀርበውን እያዘጋጀሁ ነው። የአቦ መታጠፊያን ግራፍ ከመሃሉ ሦስቴ አወጣሁት፣ ሦስቴ መለስኩት።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

አቀረብኩ። "ፍሰቱ ተሻሽሏል" አልኩ፤ ቃል በቃል ሐሰት አይደለም። አጨበጨቡ። አንድ ትልቅ ሰው "ለመሆኑ ታክሲዎቹ የት ገቡ?" ብለው ጠየቁ። ጋሽ ክብረት ቀድመውኝ "ሥርዓት ይዘዋል" አሉ።

አፌን ከፍቼ ነበር። መልሼ ዘጋሁት። ውኃ ጠጣሁ።

የቋሚነት ደብዳቤዬ በዚህ ወር ውስጥ ይወጣል ተብሏል። ለእቴቴ ነገርኳት፣ እልል ልትል አንድ እጇን ወደ አፏ ወሰደችና ጀሶው መሆኑን አይታ በሌላኛው አለችልኝ።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

እቴቴን ለምርመራ ወስጃት ስንመለስ ታክሲው እንደለመደው ፖሉን በሩጫ አለፈ። አንዱ "ይሄ ሳጥን አባረራቸው እኮ" ብሎ ሲያማርር እቴቴ ዘወር አለች።

"ሳጥኑን ልጄ ናት የሰቀለችው" አለችው፣ በኩራት። "መንገዱን አላቀለለችም?"

"ማቅለሉንስ አቅልላለች፣ እማማ። ቅጣቱን ፈርተው አይደል ጉድጓድ ውስጥ የሚያወርዱን?"

ስንወርድ ክንዷን ያዝኳት። ቤት ገብታ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን አጣጠፈች።

"ውዳሴ፣ ሳጥኑ ይቀጣል?"

"አይቀጣም።"

"ታዲያ ይቀጣል ያላቸው ማነው?"

አላውቅም አልኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስዋሽ ታውቀኛለች፤ ያላወቀች መምሰል ደግሞ ከኔ የበለጠ ትችልበታለች። እራት አቅርቢ አለችኝ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ሳጥኑ ይቁጠረው፣ ይለካው፣ እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ነሐሴ 14፣ ረቡዕ

ለጋሽ ክብረት ሁሉንም ነገርኳቸው። በር ዘግቼ፣ ቆሜ። ቀልዱን፣ ሉቃስን፣ መጨናነቁ ሳጥኑ ወደማያየው ቦታ መሄዱን፣ እቴቴን።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"ፍሰቱ ተሻሽሏል ወይስ አልተሻሻለም?" አሉኝ።

"ሳጥኑ በሚያየው ቦታ ተሻሽሏል።"

"እኛ የተቀጠርነው ሳጥኑ የሚያየውን ልንናገር ነው። ከፈሩ ደግሞ ይፍሩ፣ ምን አለበት? እንዲያውም በአዲሶቹ ፖሎች ላይ 'ካሜራ አለ' የሚል ጽሑፍ እንለጥፋለን። ሐሳቡ ያንቺ ስለሆነ ሪፖርቱ ላይ ስምሽን አስገባዋለሁ።"

"አክስቴ እጇን ሰብራለች፣ ጋሽ ክብረት።"

"እግዚአብሔር ይማርልሽ" አሉ፣ ከልባቸው። "ጉድጓዱን ግን የቆፈርነው እኛ አይደለንም።"

እውነታቸውን ነው። ጉድጓዱን አልቆፈርኩም። ሰዉን ነው ወደ ጉድጓዱ የላክሁት። የቋሚነት ደብዳቤዬ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር፣ ስሜን በግልብጡ አነበብኩት።

ነሐሴ 16፣ ዓርብ

አወረድኩት።

የሥራ ትእዛዙን ራሴ ጻፍኩት፦ "ከአቦ መታጠፊያ ፖል ይነሳ። ምክንያት፦ የተሳሳተ ነገር ያሳያል።" ማናዬ አነበበው። "ፈርመሽበታል?" አለኝ። "ፈርሜበታለሁ።" "እንግዲህ እኔ የታዘዝኩትን ነው የምሠራው" ብሎ ክሬኑን አስነሳ። እያፏጨ ነበር።

ሆን ብዬ በጠራራ ፀሐይ አደረግሁት፤ ለዝናብ ወር ብርቅ የሆነች ፀሐይ ነበረች። ሉቃስን አስጠራሁት። እሱ ደግሞ አገር ጠራ። "ኑ እዩ! ሊወርድ ነው!" ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ በቆሎ ጠባሿ፣ ሁሉም አንጋጦ ቆመ። ሳጥኑ ሲወርድ አንዱ አጨበጨበ፣ ከዚያ ሁሉም።

ሉቃስ ተቀበለኝና አገላብጦ አየው። "ዓይኑ የታለ?"

"የለውም ብዬህ ነበር።"

"ታዲያ ይሄን ያህል ያስፈራራን ምንድነው?"

"እኔ ነኝ" አልኩት። "እኔ ነኝ ያስፈራራኋችሁ። ዋሽቼህ ነበር። ይቅርታ አድርግልኝ።"

አፈርኩ፤ ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ሳጥኑን ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ዚፑን ዘጋሁ። ሉቃስ ቦርሳዬን አየው።

ቢሮ ሄጄ ሳጥኑን ከነትእዛዙ አስረከብኩ። ጋሽ ክብረት ኮንትራትሽ እስኪያልቅ ቤት ብትቀመጪ ይሻላል አሉኝ። ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ አልነበረም። አሁንም አልተቆጡም፣ ያዘኑ ነው የሚመስሉት።

ማታ ለእቴቴ ነገርኳት። ቀልዱንም፣ አላውቅም ያልኩትንም፣ ከእጥበት ቤቱ ላስወጣሽ አስቤ ነበር የሚለውንም።

"ምን ነበር ያልሽው? ድገሚልኝ እስቲ።"

"በርቷል፣ ፈገግ በል።"

"ሞኝ" አለች። እኔን ይሁን ሉቃስን አልጠየቅኳትም። የኪሮሽ መርፌውን አምጥተሽ ጀሶው ውስጥ እከኪልኝ አለችኝ፣ እከክሁላት። አለቀስኩ፣ እሷ ግን በዚያኛው እጇ ፀጉሬን እየነካካች "ቀስ በዪ፣ ትወጊኛለሽ" ነበር የምትለው።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

ታክሲዎቹ ተመልሰዋል። ሁሉም ባይሆኑም ተመልሰዋል። መታጠፊያው እንደ ድሮው ተዘግቶ ይጮሃል። ካርታውን ልከፍት ስል የይለፍ ቃሌን ዘግተውታል። ቢከፈትስ ምን ያሳየኛል? እዚያ ቦታ ላይ አሁን ነጥብ የለም።

ሥራ ማፈላለግ ጀምሬያለሁ። እንቅልፍ ግን እየወሰደኝ ነው።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

እቴቴ ጀሶው ተፈቶላት ዛሬ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ልሸኝሽ አልኩ፣ ገና አልነጋም፣ ያካፋል። ፖሉ ሥር ቆምን። መብራቱ ጭቃውን ሳይቀር ያሳያል።

አንድ ታክሲ መጣ። ፍጥነቱን ቀነሰ፣ እኔን አየ፣ አለፈን። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሰዎቹ ማጉረምረም ጀመሩ። ሉቃስ ወደ እኔ መጣ፣ ድምፁን እንደዚያ ዝቅ አድርጎ ሰምቼው አላውቅም።

"ኢንጂነር፣ እንዳትቀየሚኝ። ሾፌሮቹ ቦርሳዋ ውስጥ ነው የያዘችው ይላሉ።"

ቦርሳዬን ከፈትኩለት። ጃንጥላ፣ ዳቦ፣ የሥራ ማመልከቻ። "እኔማ አምንሻለሁ" አለ። "እነሱ ናቸው።"

እቴቴ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት መሳቅ ጀመረች፤ ሆዷን ይዛ፣ ዓይኗ እስኪያነባ። ከወደቀች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም። ተናደድኩ፣ ከዚያ ደግሞ ደስ አለኝ፣ ከዚያ እንደገና ተናደድኩ።

"ውዳሴዬ" አለችኝ፣ በዳነው እጇ ትከሻዬን ገፋ አድርጋ፣ "አንቺ እስቲ ወደዚያ ራቅ በዪ። ታክሲ ልያዝ።"

ራቅ አልኩ። ወደ ጉድጓዱ ሄድኩ፣ መብራት ወደሌለበት፣ ማንም ወደማያየኝ። ሦስተኛው ታክሲ መጣ፣ መብራቱ ሥር ቆመ። እቴቴ የምትረግጠውን አይታ ገባች።